ያሳጠርነው ወረቀት



በዚህ ወር የምናወጋችሁ ስለ ራሳችን ጥፋት ነው። ጥፋቱ የተፈጸመው በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ በአራት ገጽ ወረቀት ላይ ነው። ማንም አልሞተበትም፤ ማንም አልከሰሰንም። ይሁን እንጂ አማና የሚጓደለው በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በዝምታም ጭምር እንደ ሆነ በደንብ የገባን ያን ጊዜ ነውና፣ ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ እንጽፈዋለን።

እኛ የእስቴ ተወላጅ ነን። በልጅነታችን ማለዳ ሎሃችንን ይዘን ቁርአን ቤት፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ደብተራችንን ይዘን መንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን አደግን። ዛሬ በዚያው አካባቢ አስተማሪ ነን። ቤተሰባችን የሸማኔ ቤተሰብ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ሙስሊሙ ርስት ስላልነበረው አያቶቻችን ኑሯቸውን የመሠረቱት በሽመናና በንግድ ላይ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ መሬት ቢያገኙም ሙያውን አልተዉትም። ሸማኔ ደግሞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ በእጁ ሲወረውር በእግሩ ይረግጣል። እግር የሌለው ሸማኔ የለም።

አጎታችን ሸማኔ ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ናቸው። ፈትል የሚያመጣ ጠፋ፤ ጋቢ የሚያሠራ ጠፋ፤ ጤፉና ገብሱም ከገበያ ጠፋ። ያልጠፋው ጓያ ብቻ ነበር። ጧት ንፍሮ፣ ቀን ቆሎ፣ ማታ ቂጣ፤ ሁሉም የጓያ ነበር። ሦስት ወር ያህል እንዲህ ከረመ። አንድ ቀን ለሱብሒ ሶላት ሊነሱ ሲሉ ሁለቱም እግሮቻቸው እንደ ደረቀ እንጨት ቀጥ ብለው አልታዘዝ አሏቸው። አያታችን ብርድ ነው ብለው በቅቤ አሹዋቸው። ብርድ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አጎታችን በምርኩዝ፣ በእግር ጣቶቻቸው ጫፍ እየረገጡ፣ ጉልበቶቻቸው እየተፋተጉ ይሄዳሉ። ሶላታቸውን የሚሰግዱት ተቀምጠው ነው። አእምሯቸው ብሩህ ነው፤ እጃቸውም አልተነካ። በመሆኑም ወደ ጉድጓዱ ሳይመለሱ ለሌሎች ሸማኔዎች ማግ እያጠነጠኑ አርባ ዓመት ኖሩ። ከስማዳ ወገዳ እስከ ጋይንት ነፋስ መውጫ ባሉት ገበያዎች የዞረ ሰው እንዲህ ያለ አካሄድ የሚሄድ ሰው ሳያጋጥመው አይቀርም። ሰዉም «ጓያ የሰበረው» ብሎ ያልፋል።

ጓያ ምን ያደርጋል?

ጓያ ድርቁንም ውሃ የተኛበትንም መሬት ስለሚችል፣ ሌላው አዝመራ ሲከዳ ገበሬውን የማይከዳ እህል ነው። ጥቂት ጥቂት፣ ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ ብዙዎች ጤናማ ሆነው ይኖራሉ። ነገር ግን በውስጡ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ፤ ሳይንቲስቶች ለይተው ያወቁት በ1964 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሰው ለወራት ዋና ምግቡ ጓያ ብቻ ሲሆን፣ ይህ መርዝ እግርን የሚያዙትን ነርቮች ይጎዳል። የተጎዳው ነርቭ አይመለስም፤ ሕመሙ ግን እያደር እየባሰ የሚሄድም አይደለም። አንዴ ሰብሮ ይተዋል።

በአገራችን ይህን ነገር በጥናት ካሳወቁት ሐኪሞች መካከል ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ይገኙበታል። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በጎረቤታችን በፎገራ ቤት ለቤት ዞረው ያገኙትን በ1990 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከጋይንት በስተምሥራቅ ባለው በደላንታና ዳውንት በድርቅ ሰበብ 2,000 ያህል ሰው በጓያ ተሰበረ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው እዚያ ሄደው የታመመውንም ያልታመመውንም ምን በላችሁ፣ እንዴትስ አበሰላችሁት እያሉ ጠየቁ። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ለእናቶች ሁሉ የሚጠቅም ነው፦ ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ በወጥ መልክ ሲበላ አደጋው ይቀንሳል፤ ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከሌላ አገዳና ብርዕ እህል ጋር ሲቀላቀልም እንዲሁ። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም መርዙን ይቀንሳል። በእኛ አገር ግን ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሚፈራው ሲቀቀል የሚወጣውን እንፋሎት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ! ይህን እውቀት ያገኘነው እግራቸው የተሰበረ ገበሬዎች፣ ለራሳቸው አንዳች ሳያገኙበት፣ ቁጭ ብለው የሐኪሞችን ጥያቄ ስለ መለሱ ነው። በቡታጅራም እንዲሁ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቤት ለቤት በተደረገ ጥናት ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ታውቋል። በሩን የከፈተ፣ ልጁን ደብቆ ያላስቀረ ሰው ባይኖር ይህ ቁጥር አይታወቅም ነበር።

ነርቩን የሚመልስ መድኃኒት ባይገኝም የእግሩን መገታተር የሚያላላ ክኒን ተሞክሯል። በ1997 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የፕሮፌሰር ረዳና የባልደረቦቻቸው ጥናት፣ ቶልፐሪዞን የተባለውን መድኃኒት በጓያ በተሰበሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ፈትኖ መገታተሩን ለማላላት እንደሚረዳ አሳይቷል። ጥናቱ የተሠራበት መንገድ ለታሪካችን ቁልፍ ስለ ሆነ በጥቂቱ እናብራራው።

ታማሚዎቹ በዕጣ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ሌላው በመልክ የሚመስለውን፣ መድኃኒት ግን የሌለበትን ክኒን ይወስዳል። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ሰጪውም ተቀባዩም አያውቅም። ለምን? እኛ አስተማሪዎች የፈተና ወረቀት ስናርም ስሙን ብናጥፈው የተሻለ የምንፈርደው ለምንድን ነው? የምንወደውን ተማሪ ስም ካየን እጃችን ስለሚያጋድል ነው። ሐኪሙም ሰው ነው፤ ታማሚውም ተስፋ ያደርጋል። የተሰበረ እግር በሞቃት ቀን ይላላል፣ በብርድ ይገታተራል፤ ሐኪም ሲጎበኘው ደግሞ ሰው በራሱ ይበረታል። ይህን ሁሉ ከመድኃኒቱ ሥራ ለመለየት ዕጣውና ባዶው ክኒን ግድ ይሆናሉ።

ያ ከሰዓት በኋላ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ለእግር መገታተር የሚሆን ክኒን በዚህ ዓይነት መንገድ የሚያነጻጽሩ ሐኪሞች ወደ አካባቢያችን መጡ። የማን እንደ ነበሩ አንጠቅስም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእነርሱ አይደለም። ማንበብ ለማይችሉት ሰዎች የስምምነቱን ወረቀት የሚያነብ፣ ሰዉ የሚያምነው ሰው ፈለጉ። ሁሉም እኛን ጠቆመ። መምህሩ ናቸው፤ ቁርአንም ቀርተዋል፤ የተሰባሪዎቹ ዘመድም ናቸው ተባለ።

አሥራ ሁለት ሰዎች ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ከእስቴ የመጡ አሉ፤ ከስማዳ በበቅሎ የመጡ አሉ፤ አንዱ ከታች ጋይንት ነው። አጎታችን በመካከላቸው ናቸው። ወረቀቱን አገላበጥነው። ክኒኑ በዕጣ እንደሚሰጥ፣ ግማሹ ሰው መድኃኒት የሌለበትን እንደሚወስድ፣ ክኒኑ ማዞርና ድካም ሊያመጣ እንደሚችል፣ ማንም ሰው በፈለገ ቀን ያለ ምክንያት መተው እንደሚችል፣ ቢተውም መደበኛ ሕክምናው እንደማይቀርበት በግልጽ ተጽፏል።

እኛ ግን እንዲህ አልን፦ «እግር የሚያፍታታ መድኃኒት መጥቷል። በነጻ ነው። የመጓጓዣም ይከፍላሉ። በቃ፣ እዚህ ላይ ጣታችሁን አድርጉ።»

ለምን አሳጠርነው? ፀሐዩ ከሮ ነበር። አራት ገጽ ማንበብ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከሁሉም በላይ ግን «ባዶ ክኒን» የሚለውን ሲሰሙ ይሸሻሉ ብለን ፈራን፤ ከሸሹ ደግሞ አጎታችን ዕድሉ ያመልጣቸዋል ብለን ሠጋን። አሰብንላቸው። በእነርሱ ፋንታ አሰብን ማለት ይሻላል። አሥራ ሁለቱም ፈረሙ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አጎታችን ምርኩዛቸውን እየመቱ ወደ ቤታችን መጡ። የጤና ባለሙያው በቀጠሮ ቀን ስለ ዕጣው አንሥቶ ኖሮ፣ እርሳቸው ነገሩን የሰሙት ያኔ ነው።

«ይህን ነገር አንተ ታውቅ ኖሯል?» አሉን።

«አዎ ጋሼ፣ አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«እምቢ እንዳይሉ ፈርቼ ነው። ለአንቱ ብዬ ነው።»

ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ቡናው ቀርቦ ቀዘቀዘ። ከዚያ እንዲህ አሉን፦ «ልጄ፣ እምቢ ማለትም እሺ ማለትም የኔ ነበር። ደግሞም እምቢ አልልም ነበር። እኔ ጣቴን ያስቀመጥሁት ለእግሬ ብዬ ነው። ብትነግረኝ ኖሮ ለሰው ብዬ አስቀምጠው ነበር፤ ነገ ለሚሰበረው ልጅ ብዬ። እግሬስ አርባ ዓመቱ ነው፣ ለምጄዋለሁ። አንተ የወሰድህብኝ ኒያዬን ነው።»

መልስ አልነበረንም። ሥራ ሁሉ በኒያ እንደ ሆነ ለልጆች የምናስተምረው እኛ ነን። የአንድን ሰው ኒያ በዝምታ ልንነጥቀው እንደምንችል ግን አስበን አናውቅም ነበር።

ምርጫ የተሰጣት ሴት

በዚያች ሌሊት ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው አንድ ሐዲስ በአዲስ መልክ ታየን። ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብኑ ዐባስ እንደ ዘገቡት፣ አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ ሕመሟ እንደሚጥላትና ስትወድቅ ገላዋ እንደሚገለጥ ነገረቻቸው፤ ዱዓ እንዲያደርጉላትም ጠየቀች። ኡሙ ዙፈር ትባላለች ተብሏል። እርሳቸውም ሁለት መንገድ አቀረቡላት፦ ብትታገሥ ጀነት እንዳላት፣ ብትፈልግ ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) እንዲያድናት ዱዓ እንደሚያደርጉላት ነገሯት። እርሷም ትዕግሥትን መረጠች፤ ነገር ግን ገላዋ እንዳይገለጥ ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች፤ አደረጉላትም።

ይህን ሐዲስ ስለ ትዕግሥት ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። አሁን ግን ሌላም ነገር አየንበት። የምትጥል ሕመም ያለባት፣ በሰው ዓይን የተናቀች ልትሆን የምትችል ሴት በፍጡር ሁሉ በላጭ በሆኑት ሰው ፊት ቆማ ሁለቱም መንገድ ሳይሸፈን ተነገራት፤ ራሷ መረጠች፤ የራሷንም ቅድመ ሁኔታ አስገባች። የሚሻልሽን እኔ አውቃለሁ አልተባለችም። እኛ ማን ሆነን ነው ከግራሩ ሥር ለተቀመጡት ገጽ የምንዘልለው?

ስለ ሙከራ ካነሣን፣ በሕመምተኞች ወገኖች መካከል ማነጻጸር ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ አይደለም። በ925 (እ.ኤ.አ.) ያረፉት ታላቁ ሐኪም አቡበክር አር-ራዚ፣ የአንጎል ሽፋን ብግነት ምልክት ባላቸው ሰዎች ላይ ደም የማውጣትን ሕክምና ሲፈትሹ፣ አንዱን ወገን በዚህ እንዳከሙና ሌላውን ለማወቅ ሲሉ ሆን ብለው እንደ ተዉት ጽፈዋል። ዛሬ ደም ማውጣት ለዚያ ሕመም ሕክምና አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ዘመኑን የቀደመ ነበር። ይሁንና በዚያ አጭር ማስታወሻ ውስጥ የተተዉት ሰዎች ተጠይቀው እንደ ነበር የሚል ቃል የለም። የሰው ልጅ ሁለተኛውን ነገር፣ መጠየቅን ለመማር ተጨማሪ አንድ ሺህ ዓመት ፈጀበት።

የተማረውም በብዙ መከራ ነው። ጓያችን ራሱ በዚያ መከራ ውስጥ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942 (እ.ኤ.አ.)፣ ዛሬ ዩክሬን በሆነው አገር በቫፕኒያርካ የእስረኞች ካምፕ የሩማንያ ባለ ሥልጣናት አይሁዳውያን እስረኞችን ጓያ ይቀልቧቸው ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሽባ ሆኑ። ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር በሽታው ከጓያው መሆኑን ለይቶ አወቀ። ነጻ የሆነ ሰው እምቢ ይላል፤ እስረኛ ግን የቀረበለትን ይበላል። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 የኑረምበርግ፣ በ1964 ደግሞ የሄልሲንኪ ደንብ ሲወጣ፣ ሰው ሳይፈቅድ አይሞከርበት የሚለው ቃል የሰፈረው ከእንዲህ ዓይነቱ ግፍ የተነሣ ነው።

ደንብ መውጣቱም ብቻውን አልበቃም። በ1996 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ናይጄሪያ በካኖ ከተማ ማጅራት ገትር ሲዛመት፣ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ትሮቫን የተሰኘ መድኃኒቱን በ200 ሕፃናት ላይ ከሌላ የታወቀ መድኃኒት ጋር አነጻጸረ። ከሁለቱም ወገን 11 ሕፃናት ሞቱ። ቤተሰቦቹ ሙከራ መሆኑ አልተነገረንም አሉ፤ ኩባንያው በበኩሉ በቃል ፈቅደዋል፣ የገደላቸውም በሽታው ነው አለ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2009 ከካኖ ክልል ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። ነገሩ ግን በገንዘብ አላበቃም። በ2003 ካኖ የፖሊዮ ክትባትን አልቀበልም ስትል፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ የሚጠቀሰው ይኸው የተሰበረ እምነት ነው። ከዚያ የተነሣው ቫይረስ አገር እያቋረጠ በሱዳን በኩል በ2004 መጨረሻ ከፖሊዮ ነጻ ሆና ወደ ነበረችው ወደ ኢትዮጵያ ደረሰ። አዩ አይደል? ካኖ ላይ የጎደለ አማና እኛ አገር የሕፃን እግር ሆነ።

ዳግመኛ የተነበበው ወረቀት

በማግስቱ ለጥናቱ ሐኪሞች ያጠፋነውን በግልጽ ነገርናቸው። ተቆጡ፤ መቆጣታቸውም ተገቢ ነበር። አሥራ ሁለቱ ሰዎች እንደ ገና ተጠሩ። በዚህ ጊዜ አራቱም ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነበበ፤ ከጥናቱ ጋር ጉዳይ የሌላቸው አንድ ሽማግሌም ምስክር ሆነው አጠገባችን ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ፈጀ።

ጥያቄው እንደ ዝናብ ወረደ። አንዱ «ዕጣ መጣል ሐራም አይደለም ወይ?» አለ። ሼሃችን እዚያው ነበሩና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጉዞ ሲነሡ ከባለቤቶቻቸው መካከል በዕጣ ይለዩ እንደ ነበር አስታውሰው፣ ይህ ለቁማርና ለጥንቆላ ከሚጣለው እንደሚለይ አስረዱት። ሌላው «በረመዳን እንዴት እንውጠዋለን?» አለ፤ ሐኪሙ በኢፍጣርና በሱሑር ሰዓት መውሰድ እንደሚቻል ገለጸ። ከታች ጋይንት የመጣው ሰው «የሥራ ዘመን ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ባዶ ክኒን ለመዋጥ እየተመላለስሁ ሊሆን ይችላል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሊሆን ይችላል ተባለ። አመስግኖ ተወው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ እንዲያውም የዕለቱን መጓጓዣ ተቀብሎ ሄደ። አሥራ አንዱ ቀሩ። እኛ ይሸሻሉ ብለን የፈራናቸው ሰዎች እነዚህ ነበሩ!

አጎታችን መጨረሻ ላይ ጠየቁ፦ «ክኒኑ የሚረዳ ሆኖ ከተገኘ፣ ጥናቱ ሲያልቅ ለኛ ይሰጠናል ወይስ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ?» ሐኪሙ ወዲያው አልመለሰም። ለኃላፊዎቹ ጠይቆ እንደሚመጣ ነገራቸው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም ባዶውን ሲወስዱ ለቆዩት የሦስት ወር መድኃኒት እንደሚሰጥ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ቃል መግባት እንደማይችሉ ተናገረ። «እውነቱን ስለ ነገርኸኝ አላህ ይስጥልኝ» አሉት። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ዳግመኛ አስቀመጡ። ያን ጊዜ የነበራቸውን ኒያ እኛ አንጠይቅም፤ ባለቤቱ ያውቀዋል።

ለቤተሰብ የሚሆን ምክር

ውድ ወላጆችና ወጣቶች! ነገ የሚጥል በሽታ ላለበት ልጃችሁ፣ ግማሽ ጎኗ ለማይታዘዝላት እናታችሁ፣ ወይም ለራሳችሁ፣ በጥናት ተሳተፉ የሚል ጥያቄ ሊቀርብ ይችላል። ደንግጣችሁም አትሽሹ፤ ቸኩላችሁም አትፈርሙ። መታከም ታዝዘናል፤ መድኃኒት የሚገኘውም በመፈለግ ነው። ስለዚህ ተቀምጣችሁ ተመካከሩ፤ ጠይቁም።

በመጀመሪያ ይህ ሕክምና ነው ወይስ ጥናት፣ የሚፈተነውስ ምንድን ነው በሉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ሕክምና ለእናንተ ሲሆን ጥናት ለእውቀት ነው። ዕጣ አለበት ወይ? መድኃኒት የሌለበት ክኒን አለ ወይ? ጉዳት ቢደርስ ማን ያክማል፣ በማንስ ወጪ? ልተወው ብል ምን ይቀርብኛል? ሲያልቅ መድኃኒቱን አገኛለሁ ወይ? ጥናቱን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቅዶታል ወይ? የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንስ ያውቀዋል ወይ? እነዚህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ እውነተኛ ተመራማሪ ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም።

ማንበብ የማይችል ሰው ከጥናቱ ሠራተኞች ውጭ የሆነ ምስክር አጠገቡ ሊቀመጥ ይገባል። ለልጅ ወላጅ ይፈቅዳል፤ ልጁም ነገሩ የሚገባው ዕድሜ ላይ ከደረሰ ራሱ ይጠየቅ። እህቶች በሴት ባለሙያ እንዲመረመሩ መጠየቅ ይችላሉ፤ ኡሙ ዙፈርም ገላዋ እንዳይገለጥ ጠይቃለች። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ጥናት ልገባ ነው ብሎ የያዘውን ክኒን በራሱ ፈቃድ በድንገት አያቋርጥ፤ ከባድ መጣልን ሊያስከትል ይችላልና ሐኪሙን ያማክር።

እናንት እንደ እኛ ፊደል የቆጠራችሁ ወንድሞችና እህቶች ሆይ! በየቀበሌው ሰዉ ወረቀቱን የሚያስይዘው ለእናንተ ነው። ወረቀቱ ይርዘም፣ ፀሐዩም ይክረር፤ አታሳጥሩት። የሚያስፈራውን መሥመር ዘልላችሁ የሚያስደስተውን ብቻ አታንብቡ። ሽማግሌው አይገባቸውም አትበሉ፤ ዘር መዝራትን ያህል ዕድል ያለበትን ነገር ዕድሜ ልካቸውን ሲመዝኑ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

አጎታችን ዛሬም በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ ዛሬም ማግ ያጠነጥናሉ። የወሰዱት ክኒን የትኛው እንደ ነበር ሊነገራቸው ሲል «ለምን ይጠቅመኛል?» ብለው አልሰሙትም። ከእኛ ጋር ታርቀናል። ሆኖም ከዚያ ወዲህ አንዳች ደብዳቤ ወይም ማስታወቂያ እንድናነብላቸው ሲሰጡን፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ፈገግ እያሉ «ልጄ፣ ሁሉንም» ይሉናል። እኛም ሁሉንም እናነባለን።

ወላሁ አዕለም። ወስ-ሰላሙ ዐለይኩም።